መተግበሪያን ከቅይጥ የክላውድ ማከማቻ ጋር በክላየንት ላይብረሪ ማገናኘት፦ ዝርዝር መመሪያ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራ አንድ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ አለ። ከመርካቶና ከፒያሳ ነጋዴዎች በፌስታል ታጭቆ የሚመጣለትን ደረሰኝ ቀኑን ሙሉ ስካን ያደርጋል፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ አሮጌው የበጀት ዓመት ተዘግቶ አዲሱ ስለሚከፈት ሥራው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ቢሮው ፋይሎቹን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቢያስቀምጥ ይሰጋል፤ ሁሉንም በቀጥታ ወደ ውጭ ክላውድ ቢልክ ደግሞ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሥራው ይቆምበታል። መካከለኛው መንገድ ቅይጥ ማከማቻ ነው፦ ቢሮው ውስጥ አንድ ሰርቨር፣ ከአገር ውጭ አንድ የክላውድ ማከማቻ፣ በመካከላቸውም ሁለቱን በአንድ ቋንቋ የሚያነጋግር ላይብረሪ። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ ይህንኑ ሥርዓት ለዚህ ቢሮ ስዘረጋ ከተከተልኩት ቅደም ተከተል የተወሰደ ነው፤ አንባቢው ፓይተን መጻፍና የሊኑክስ ሰርቨር ማስተዳደር ይችላል ብዬ ገምቻለሁ።

ከማንኛውም መስመር ኮድ በፊት የሚወሰነው ነገር አንድ ነው፦ ፋይል ሁሉ መጀመሪያ ቢሮው ውስጥ ያርፋል፤ ወደ ውጭ የሚሄደው ከዚያ በኋላ፣ በራሱ ጊዜ ነው። ስካን የምታደርገው ሠራተኛ «ተቀምጧል» የሚለውን መልእክት ለማየት ፋይሉ የውጩ ማከማቻ ያለበት ኬፕ ታውን ደርሶ ማረጋገጫው እስኪመለስ መጠበቅ የለባትም። የተቀረው የዚህ መመሪያ ክፍል ይህን ውሳኔ በተግባር ማዋል ነው።

ሁለቱ ማከማቻዎችና የጋራ ቋንቋቸው

አማዞን ኤስ3 የተባለውን የክላውድ ማከማቻ አገልግሎቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በማርች 2006 ነበር። ከዚያ ወዲህ የኤስ3 የጥያቄና የመልስ ሥርዓት ከአማዞን አልፎ የኦብጀክት ማከማቻ (እያንዳንዱን ፋይል በራሱ መለያ የሚያስቀምጥ ማከማቻ) ሁሉ መግባቢያ ሆኗል፤ እንደ ሴፍና ሚንአይኦ ያሉ በራስ ሰርቨር ላይ የሚጫኑ ሶፍትዌሮችም ይህንኑ ቋንቋ ይናገራሉ። በመሆኑም ቦቶ3 የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ለአማዞን የተሠራ ቢሆንም፣ አድራሻው ብቻ ተለውጦ ሲሰጠው ጠረጴዛ ሥር ካለው ሰርቨር ጋርም ያለችግር ይነጋገራል።

እኔ ቢሮው ውስጥ የጫንኩት ሚንአይኦን ነው፤ ለፋይል ልውውጥ ፖርት 9000ን፣ ለአስተዳደር ድረ ገጹ ደግሞ በተለምዶ 9001ን ይጠቀማል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2025 የነጻው እትም የአስተዳደር ድረ ገጽ ብዙ አገልግሎቶቹ ስለተነሱለት፣ አዲስ የሚጀምር ሰው ሴፍን ወይም ሌላ አማራጭ ቢያስብ አልቃወምም። መተግበሪያው የሚያውቀው የኤስ3ን ቋንቋ ብቻ እስከሆነ ድረስ፣ ሰርቨሩን በሌላ መለወጥ ፋይሎቹን አሻግሮ አንድ የቅንብር ፋይል ከማስተካከል ብዙም አያልፍም።

ለውጩ ማከማቻ የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 የተከፈተውን የአማዞን የኬፕ ታውን ሪጅን፣ ማለትም የዳታ ማዕከሎች ቀጠና ነው። ከአዲስ አበባ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ይህ ሪጅን ከአካውንቱ ጋር አብሮ ተከፍቶ አይመጣም፤ በአካውንቱ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ትክክለኛው የመግቢያ ቁልፍ ራሱ ተቀባይነት ያጣል።

እዚህ ላይ ሊዘለል የማይገባው ጉዳይ ሕጉ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከአገር የሚወጣበትን ሁኔታ ይደነግጋል። በደረሰኝ ላይ የሰው ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የስልክ ቁጥር አለ። ስለዚህ የትኛው ፋይል እንደሚወጣና የትኛው ቢሮው ውስጥ ብቻ እንደሚቀር ከባለቤቱና ከሕግ ባለሙያ ጋር በጽሑፍ ተወስኖ ካለቀ በኋላ ነው ኮድ የሚጻፈው። ውሳኔውንም በኋላ በምናየው ሰንጠረዥ ውስጥ «ይውጣ» እና «ይቅር» በሚል ምልክት ማስቀመጥ ይቻላል።

ባኬትና ቁልፍ ማዘጋጀት

በሁለቱም ቦታ አንዳንድ ባኬት፣ ማለትም ፋይሎቹ የሚገቡበት ስም ያለው መያዣ ይፍጠሩ። የባኬት ስም ከ3 እስከ 63 ፊደል ሊሆን ይችላል፤ የሚቀበለውም ትንንሾቹን የላቲን ፊደላት፣ አኃዞችን፣ ሰረዝንና ነጥብን ብቻ ነው። ነጥብ በተመሰጠረ ግንኙነት ላይ የምስክር ወረቀት ችግር ስለሚያመጣ ባይጠቀሙበት ይመረጣል።

ለመተግበሪያው የሚሰጡት ቁልፍ የዋናው አስተዳዳሪ ቁልፍ መሆን የለበትም። ለውጩ ማከማቻ የሚያገለግለው ቁልፍ የማስገባት፣ የማንበብና የመዘርዘር ፈቃድ ይኑረው እንጂ የመሰረዝ ፈቃድ አይኑረው፤ የቢሮው ሰርቨር አንድ ቀን በቫይረስ ቢጠቃ የውጩ ቅጂ ከእሱ ጋር አብሮ እንዳይጠፋ የሚያደርገው አንዱ መከላከያ ይህ ነው። ሁለተኛው መከላከያ የባኬቱን ቨርዥኒንግ ማብራት ነው፤ በአሮጌ ፋይል ላይ አዲስ ቢጻፍበት አሮጌው አይጠፋም። ቁልፎቹ በኮድ ውስጥ አይጻፉ፤ አገልግሎቱ ሲነሳ ከሚያነበው፣ ሌላ ተጠቃሚ ሊከፍተው ከማይችል የቅንብር ፋይል ይምጡ።

ሰዓት

ይህ ክፍል ራሱን የቻለ ርዕስ የተሰጠው ሁለት ቀን ስላስለፋኝ ነው። ላይብረሪው ወደ ማከማቻው የሚልከው እያንዳንዱ ጥያቄ የተፈረመ ነው፤ ፊርማው ውስጥም ሰዓት አለ። የጠያቂው ሰዓት ከማከማቻው ሰዓት ከ15 ደቂቃ በላይ ከራቀ ጥያቄው «ሪኩዌስት ታይም ቱ ስኪውድ» በሚል ስሕተት ይመለሳል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ውጭ የሚሄደው ሁሉ ቆሞ አገኘሁት፤ ቢሮው ውስጥ ግን ፋይል ያለችግር ይቀመጥ ነበር። ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ እስኪያልቅ ሳይመለስ ቀርቷል፤ የሰርቨሩ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ክብ ባትሪም ሞታ ስለነበር ሰርቨሩ ሲነሳ የብዙ ዓመት አሮጌ ቀን ይዞ ተነስቷል። በቦታው የነበረው ሠራተኛ ቀኑን አስተካክሎ ሰዓቱን ከእጅ ሰዓቱ ገለበጠ፦ ከጠዋቱ 3፡00። «ልክ ነው፣ አየሁት እኮ» ሲለኝ እውነቱን ነበር። ሰርቨሩ ግን የሚጠብቀው 9፡00 የሚለውን ስለሆነ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። የቢሮው ማከማቻ ያልተቃወመው መተግበሪያውም ማከማቻውም በዚያው ማሽን ላይ ሆነው አንድ ዓይነት የተሳሳተ ሰዓት ስለሚያዩ ነው።

መፍትሔው ሰዓቱን በእጅ አለመንካት ነው። ክሮኒ የተባለውን አገልግሎት ጭነው ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ያድርጉ፤ የሰዓት ቀጠናውን የምሥራቅ አፍሪካ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት የሚቀድመው፣ አድርገው ይተዉት፤ ሲአር2032 የምትባለውን ባትሪም ይቀይሩ። ተጠቃሚው በስክሪን ላይ የሚያየው ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢሆን ደስ ይላል፤ ይህ ግን በስክሪኑ ደረጃ ብቻ የሚሠራ ስሌት ይሁን።

ሁለት ክላየንት፣ አንድ ኮድ

ቦቶ3ን ከጫኑ በኋላ ሁለት ክላየንቶችን፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ከአንድ ማከማቻ ጋር የሚነጋገሩ የኮድ ክፍሎችን ይፍጠሩ፤ አንዱን «ቅርብ»፣ ሌላውን «ሩቅ» እንበላቸው። ልዩነታቸው በቅንብር ብቻ ነው፤ የተቀረው ኮድ የትኛውን እየተጠቀመ እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም።

ለቅርቡ፣ ኤንድፖይንት ዩአርኤል በሚባለው ቦታ የቢሮውን ሰርቨር አድራሻ ከነፖርቱ ይስጡ። ለሩቁ ይህን ባዶ ትተው ሪጅኑን ብቻ ይጥቀሱ፤ አድራሻውን ላይብረሪው ራሱ ያገኘዋል። ለቅርቡም ቢሆን የሪጅን ስም መሰጠት አለበት፤ ሪጅኑ የፊርማው አካል ስለሆነ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ስም መስማማት ይኖርባቸዋል። ሚንአይኦ ሌላ ካልተነገረው ዩኤስ-ኢስት-1 የሚለውን ይጠቀማል። በተጨማሪም ለቅርቡ የአድራሻ አጻጻፉን «ፓዝ» በሚለው ዘይቤ ይወስኑት። ሌላው ዘይቤ የባኬቱን ስም ከሰርቨሩ ስም ፊት ይለጥፈዋል፤ በዚያ ስም የሚጠራ ማሽን ደግሞ የቢሮው ኔትወርክ አያውቅም።

ቀጥሎ የጥበቃ ጊዜ ነው። ላይብረሪው ያለ ተጨማሪ ቅንብር ለመገናኘት እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ነባሩ የሙከራ ሥርዓቱም በድምሩ እስከ 5 ጊዜ ይሞክራል። ኢንተርኔቱ የተቋረጠው ስሕተት ሳይመልስ ጥያቄውን ዝም ብሎ በሚውጥ ዓይነት መቋረጥ ከሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ 5 ደቂቃ ያህል ሊንጠለጠል ይችላል ማለት ነው። ለቅርቡ የመገናኛ ጊዜውን 2 ሰከንድ ያድርጉት፤ አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሰርቨር በ2 ሰከንድ ካልመለሰ የለም ማለት ነው። ለሩቁ 10 ሰከንድ ይበቃል፤ የሙከራ ዘዴውንም «ስታንዳርድ» ወደሚለው ቀይረው 3 ጊዜ ይተዉት። ከዚያ በላይ መሞከር የላይብረሪው ሳይሆን ቀጥሎ የምንገነባው ወረፋ ሥራ ነው።

የማስተላለፊያ ቅንብሩ ለሌላ አገር መስመር የተሰፋ ልብስ ነው። ከ8 ሜጋባይት በላይ የሆነን ፋይል ላይብረሪው እየቆራረጠ በ10 ክሮች፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚሠሩ መላኪያዎች፣ በአንድ ጊዜ ይልካል፤ 10 ሜጋቢት የመላኪያ ፍጥነት ባለው መስመር ላይ ይህ ከተለቀቀ የቢሮው ሠራተኞች ኢሜይል መክፈት ያቅታቸዋል። የክሮቹን ቁጥር ወደ 2 ይቀንሱ፤ ማክስ ባንድዊድዝ በሚባለውም ላይ ገደብ ያስቀምጡ። ይህ ገደብ የሚቆጠረው በቢት ሳይሆን በባይት ስለሆነ፣ የመስመሩን ግማሽ ማለትም 5 ሜጋቢት ለመፍቀድ የሚጻፈው ቁጥር 625,000 ነው። በሙሉ 10 ሜጋቢት እንኳ 200 ጊጋባይት የቆየ ማኅደር ለመላክ ከ44 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በግማሹ ደግሞ እጥፉን። በመጀመሪያው ሳምንት «ለምን አላለቀም» የሚል ጥያቄ ሲነሳ ይህን ስሌት ማሳየት ክርክር ያሳጥራል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የወጣው የቦቶ3 እትም 1.36 ለሚልከው ፋይል ሁሉ ሳይበላሽ መድረሱ የሚፈተሽበት የማረጋገጫ ድምር መጨመር ጀመረ፤ ይህን የማያውቁ የቆዩ ኤስ3 መሰል ሰርቨሮችም የተላከላቸውን መመለስ ያዙ። ላይብረሪውን ካደሱ በኋላ ሩቁ እየሠራ ቅርቡ ብቻ እምቢ ካለ መጀመሪያ ይህንን ይጠርጥሩ። በክላየንቱ ቅንብር ውስጥ የድምሩን ስሌት «ሲያስፈልግ ብቻ» ወደሚለው መለወጥ ይቻላል፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን የቢሮውን ሰርቨር ማደስ ነው። የላይብረሪውን እትም በቁጥር ቆልፎ ማስቀመጥም ልማድ ይሁን።

ለቢሮው ሰርቨር የራስዎን የምስክር ወረቀት ካዘጋጁ፣ ቬሪፋይ በሚባለው ቦታ የሰጪውን ሰርተፊኬት ፋይል ይጠቁሙ። ማረጋገጫውን ጨርሶ የማጥፋት አቋራጭ መንገድ አለ፤ አይሂዱበት።

የፋይል መለያና የፊደል ጣጣ

ኦብጀክት ማከማቻ ውስጥ ፋይል የሚጠራው በመለያው ነው፤ መለያው በግዕዝ ፊደል ሊጻፍ ይችላል። ይቻላል ማለት ግን ይመከራል ማለት አይደለም። የመለያው ገደብ 1,024 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ 341 ፊደል ላይ ያልቃል። ከዚህ የከፋው ግን የአጻጻፍ ጉዳይ ነው፦ አንዷ ሠራተኛ «ፀሐይ ንግድ» ብላ ያስገባችውን ሌላዋ «ጸሀይ ንግድ» ብላ ብትፈልገው አታገኘውም። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለማሽኑ ሁለት የማይተዋወቁ መለያዎች ናቸው።

ስለዚህ መለያው የበጀት ዓመቱን፣ የደንበኛውን ቁጥርና የመተግበሪያው ዳታቤዝ የሚሰጠውን የማይደገም ቁጥር ብቻ ይያዝ። ስሙ፣ ርዕሱና ማብራሪያው በዳታቤዙ ውስጥ በአማርኛ ይቀመጡ፤ ፍለጋውም ሐን ከሀ፣ ሠን ከሰ፣ ዐን ከአ፣ ፀን ከጸ ጋር አንድ አድርጎ ይሥራ። ስሙን ከፋይሉ ጋር በሚሄደው ሜታዳታ ውስጥ ላስቀምጥ የሚል ሰውም ይቆማል፤ ቦቶ3 ከአስኪ (ከእንግሊዝኛ ፊደላት፣ አኃዞችና ምልክቶች) ውጭ የሆነን ፊደል እዚያ ቦታ ላይ አይቀበልም፣ ከመላኩ በፊት ስሕተት ያወጣል።

ቀንን በተመለከተ፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ መለያው ላይ የኢትዮጵያን ዓመት መጻፍ ለሒሳብ ሰዎች ይመቻል። ወርና ቀን ሲጨመር ግን የፓይተን የቀን አገልግሎት 13ኛ ወር የሚባል አያውቅም፤ በ2015 ዓ.ም. እንደነበረው ጳጉሜን 6 ያለ ቀን ሲመጣበት ይወድቃል። በመለያው ውስጥ ያለው ቀን ተራ ጽሑፍ ይሁን፤ ለስሌት የሚያገለግለው ቀን በዳታቤዙ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይመዝገብ።

መጻፍ፦ ወረፋው

የሥርዓቱ ልብ አንድ ሰንጠረዥ ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል መለያውን፣ መጠኑን፣ የኤስኤችኤ-256 አሻራውን (ከይዘቱ የሚሰላ፣ ይዘቱ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ቁጥር)፣ «ይውጣ» ወይም «ይቅር» የሚለውን ምልክት፣ ያለበትን ደረጃና የተሞከረበትን ብዛት ይይዛል። ስካን የተደረገው ፋይል ሲመጣ መተግበሪያው አሻራውን አስልቶ ሰንጠረዡ ላይ «በመግባት ላይ» ብሎ ይመዘግባል፤ ቀጥሎ በቅርቡ ክላየንት ያስቀምጠዋል፤ ሲሳካ ደረጃውን «ቢሮ ውስጥ» ብሎ ይለውጥና ለተጠቃሚዋ ይመልሳል። ቅደም ተከተሉ መገለባበጥ የለበትም። መዝገቡ ከፋይሉ በኋላ ከተጻፈና በመካከል መብራት ከጠፋ፣ ማንም የማያውቀው ፋይል ማከማቻው ውስጥ ይቀራል፤ መዝገቡ ከቀደመ ግን ጅምሩ በግልጽ ይታያል።

ከመተግበሪያው የተለየ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ደግሞ በየደቂቃው «ቢሮ ውስጥ» የሚሉትንና እንዲወጡ የተፈቀዱትን እያነሳ በሩቁ ክላየንት ይልካል። ልኮ ሲጨርስ ፋይሉን ሳያወርድ ስለ ፋይሉ ብቻ በሚጠይቀው፣ ሔድ ኦብጀክት በሚባለው ጥያቄ መጠኑን ከሰንጠረዡ ጋር ያመሳክራል፤ ከተስማማ ብቻ «ሁለቱም ዘንድ» ይላል። ካልተሳካ ቀጣዩን ሙከራ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ደቂቃ እያለ ያርቀዋል፤ ጣሪያው 1 ሰዓት ይሁን። አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ ቢላክ ጉዳት የለውም፤ መለያው ስለማይደገምና ይዘቱም ስለማይለወጥ ያው በያው ላይ ያርፋል።

ከቢሮው ሰርቨር ላይ ቦታ ለማስለቀቅ የሚሰረዘው «ሁለቱም ዘንድ» የሚል ደረጃ ያለውና ለምሳሌ 90 ቀን ያለፈው ፋይል ብቻ ነው።

ትልልቅ ፋይሎች

ሁለት ሜጋባይት የሆነ ደረሰኝ መንገድ ላይ ቢቋረጥ እንደገና መላክ ነው። 40 ጊጋባይት የሆነ የዳታቤዝ ቅጂ ግን 90 ከመቶው ከሄደ በኋላ ቢቋረጥ ያንገበግባል። አፕሎድ ፋይል የተባለው የቦቶ3 ትእዛዝ ፋይሉን ራሱ ይቆራርጣል፣ የወደቀውንም ቁራጭ ደግሞ ይሞክራል፤ ፕሮግራሙ ከሞተ ግን ከቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ ለትልልቆቹ ቁርጥራጩን ራስዎ ያስተዳድሩ፦ የቁርጥራጭ መላኪያውን ይክፈቱ፣ የሚሰጠውን የመላኪያ ቁጥር ወዲያው ሰንጠረዡ ላይ ይጻፉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይላኩ። ከመቋረጥ በኋላ ማከማቻውን «የትኞቹ ቁራጮች ደርሰውሃል» ብለው ጠይቀው የቀሩትን ብቻ ይልካሉ። ከመጨረሻው በቀር እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ 5 ሜጋባይት መሆን አለበት፣ ብዛታቸውም ከ10,000 ማለፍ አይችልም፤ ለ40 ጊጋባይት የ16 ሜጋባይት ቁራጭ በቂ ነው። ሳይጠናቀቁ የተተዉ ቁራጮች በፋይል ዝርዝር ላይ ባይታዩም ሒሳብ ይቆጥራሉ። ክፍያው በዶላር ነውና፣ ከ7 ቀን በኋላ እንዲያጸዳቸው በባኬቱ ላይ ደንብ ያስቀምጡ።

ማንበብ

ሲነበብ ቅርቡ ይቀድማል፤ ከሌለ ሩቁ ይጠየቅና የመጣው ፋይል ለሌላ ጊዜ እንዲደርስ ቅርቡ ላይ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው «የለም» እና «አልመለሰም» የሚሉት ሁለት መልሶች ልዩነት ነው። ፋይሉን የሚያወርደው ጌት ኦብጀክት ፋይል ሲያጣ «ኖ ሳች ኪይ» ይላል፤ ሔድ ኦብጀክት ግን 404 የሚል ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ ቁልፉ የመዘርዘር ፈቃድ ከሌለው ደግሞ በሌለ ፋይል ላይ 403 ይመልሳል። የግንኙነት ስሕተትን ሁሉ «የለም» ብሎ የሚቆጥር ኮድ ቅርቡ ለአፍታ በደከመ ቁጥር ሩቁን ማስቸገር ይጀምራል።

ለደንበኛ ፋይል ማካፈል ካስፈለገ አስቀድሞ የተፈረመ ሊንክ መፍጠር ይቻላል፤ ዕድሜው ከ7 ቀን ሊበልጥ አይችልም። ሊንኩን በሩቁ ክላየንት ይፈርሙት፤ የሰርቨሩ አድራሻ የፊርማው አካል ስለሆነ በቢሮው የውስጥ አድራሻ የተፈረመ ሊንክ መርካቶ ባለው ደንበኛ ስልክ ላይ አይከፈትም።

መፈተን

ፈተናው የሚደረገው ሥራ ባለበት ሰዓት ነው። ሃያ ያህል ደረሰኝ እየገባ እያለ ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚሄደውን ገመድ ይንቀሉ። ስካን የምታደርገው ሠራተኛ ምንም ካላወቀች የመጀመሪያው ክፍል አልፏል። ገመዱን ይመልሱ፤ ሰንጠረዡ ላይ «ቢሮ ውስጥ» የሚለው ቁጥር እየቀነሰ ዜሮ እስኪደርስ ይመልከቱ። ከዚያ ትልቅ ፋይል እየተላከ ሳለ ላኪውን ፕሮግራም በኃይል ይግደሉት፣ ያስነሱት፣ ከስንተኛው ቁራጭ እንደቀጠለም መዝገቡን ያንብቡ።

የመጨረሻው ፈተና ከቢሮው ውጭ ነው። ከስድስተኛው ፎቅ ወርደው አንድ ካፌ ውስጥ ይቀመጡ፤ ቢሮውን ጨርሶ በማያውቅ ላፕቶፕ ላይ የዳታቤዙን የመጨረሻ ቅጂና አሥር ደረሰኞችን ከኬፕ ታውን ያውርዱ፤ አሻራቸውንም እንደገና አስልተው በቅጂው ሰንጠረዥ ውስጥ ካለው ጋር ያስተያዩ። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ዘጠኙ ተስማምተው አንዱ እምቢ አለ፤ ስመረምረው ፋይሉ ገና እየተጻፈ ሳለ አሻራው የተሰላ ሆኖ ተገኘ። ስካነሩ ፋይሉን ጽፎ ሳይዘጋ አሻራ እንዳይሰላ ያደረግኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።